የፖስተኛው አውራ ጣት

ታናሽዬ፣

እንዴት ነሽ ብዬ ልጀምር ብዕሬን አነሳሁና ራሴን ታዘብኩት። እንዴት እንደሆንሽማ አውቃለሁ። ቢሆንም መጠየቅ የታላቅ ወግ ነውና ልጠይቅሽ፦ እህል ትቀምሻለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ያ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ በወጣሽ ቁጥር ግድግዳ ታቅፊያለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጨጓራዬ እንደ ልማዱ ነው፣ አለቃዬም እንደ ልማዱ ነው፣ ሁለቱም እስካሁን አልገደሉኝም። አከራዬ ሐዘንሽን ሰምታ አይዞሽ በያት ብላሻለች። ለሰው ሰላምታ የምትሰስት ሴት ናትና ትልቅ ነገር አድርገሽ ያዥው።

የላክሽው ጥቅል ደርሶኛል። ባሮጌ አንሶላ ጠቅልለሽ፣ በገመድ ጠፍረሽ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ ደራርበሽ ነው የላክሽው። መቀስ አላነሳሁበትም፣ አንድ በአንድ ፈታሁት። ከፈታሁት ማየት ሊኖርብኝ ነው፣ ካየሁት ደግሞ መፍረድ፤ እኔ ደግሞ ላንቺ ሲሆን ፈሪ ነኝ።

ከላይ ያስቀመጥሽውን ማስታወሻ አነበብኩት። መጽሐፉን እንደ እህት ሳይሆን እንደ አሳታሚ መሥሪያ ቤት ገምጋሚ ፍረጂልኝ ብለሻል። ድርሰቱ ያንቺ፣ ሥዕሉ የባልሽ መሆኑን እንደማላውቅ ሁሉ ጽፈሽልኛል። አይረባም ካልኩሽ አንድ ሉክ ሳታስተርፊ ልታቃጥይው፣ ይረባል ካልኩሽ ደግሞ እንጃ። ከዚያ ከታች ብዕር ቀይረሽ መሰለኝ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት የምትል አንዲት መስመር ጨምረሻል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ክብሪት እንዳትነኪ። ታላቅሽ ነኝ፣ ማዘዝ እችላለሁ።

እንግዲህ ፍርድ ካልሽ ፍርድ። ከድርሰቱ ልጀምር። እሱ ይቀለኛል፤ ደራሲዋ በሕይወት አለችና ብታኮርፍም ትታረቀኛለች።

ልዕለ ኃያል ጀግና የሚባል ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያዛጋኛል፣ ታውቂኛለሽ። አንዱ ይበርራል፣ ሌላው መኪና በአንድ እጁ ያነሳል፣ ከተማው ይፈርሳል፣ የሚቆስል የለም። ያንቺው ግን ያዘኝ። ጀግናሽ ግድግዳ ሰርስሮ የሚያይ ዓይን አለው። ቀን ቀን ሰዓት ጠጋኝ ነው፣ ሲመሽ ጭምብሉን አጥልቆ ሰፈር ይጠብቃል። የሚኖረው ተከራይ በሞላበት አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው። በዚያ ሕንፃ ከየቤቱ መስታወት ይሰረቃል። ገንዘብ የሚነካ የለም፣ ወርቅ የሚነካ የለም፣ መስታወት ብቻ። ያቺ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ባልቴት መስታወቷን ካጣች በኋላ በየጠዋቱ የጎረቤት በር እያንኳኳች ዛሬ እንዴት ነኝ እያለች የምትጠይቅበትን ቦታ ሳነብ፣ ይህቺን ከየት አመጣቻት ብዬ ቀናሁብሽ። ቀናሁ ስልሽ የእውነቴን ነው።

ጉድለትም አለው። ጀግናሽ ወሬ ያበዛል። ከጣሪያ ወደ ጣሪያ እየዘለለ እንደ ስብሰባ ሊቀመንበር ንግግር ያደርጋል። ትንፋሹ ከየት ይመጣል? ግማሹን ቁረጪው። የሰዓት ቤቱ ደንበኛ የምትቀልደውም ቀልድ አያስቅም። አንቺ ስትነግሪኝ ያስቀኝ ነበር፣ ወረቀት ላይ ግን ሞቷል።

የምስጢሩ አካሄድ ግን የተዋጣለት ነበር። ሌባው የሕንፃው ዘበኛ ነው። ጀግናው በየጠዋቱ ሲወጣና ሲገባ ሰላም የሚለው፣ ብርድ ሲሆን ካፖርቱን የሚያውሰው ዘበኛ። ያ ሁሉ ግድግዳ የሚሰረስር ዓይን አጠገቡ የቆመውን ሰው አላየም። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ መስታወት ሲሰበር የሌባው አውራ ጣት ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ስለ ጣት ማንም ቃል አይተነፍስም። አራተኛው ምዕራፍ ላይ የአውቶቡስ ሰልፍ አለ፣ ስድስተኛው ላይ ተከራዮቹ ሁሉ ግቢ ውስጥ ተሰብስበዋል። በሁለቱም ቦታ የዘበኛው አውራ ጣት በጨርቅ ታስሮ በሥዕሉ ውስጥ ብቻ መታየት አለበት። አንባቢ መጨረሻው ላይ ሌባው ሲያዝ ወደ ኋላ ገልጦ ለካ ፊት ለፊቴ ነበር እንዲል ነው። የእንዲህ ዓይነት ታሪክ ሕጉ ይሄው ነው፤ ደራሲው ይደብቅ እንጂ አይዋሽ።

አራተኛው ምዕራፍ ላይ ግን የታሰረ ጣት የለም። ረስቶት ይሆናል፣ በኋላ ይጨምረዋል ብለሽ አለፍሽው። ስድስተኛው ላይ ጨርቁ አለ። ያለው ግን ከዘበኛው አጠገብ የቆመው ፖስተኛ አውራ ጣት ላይ ነው። ምንም ያላጠፋ፣ በታሪኩ ውስጥ ደብዳቤ ከማደል በቀር ሥራ የሌለው ፖስተኛ። አንባቢ ይህን አይቶ ሌባው ፖስተኛው ነው ይላል፣ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ዘበኛው ሲያዝ ደግሞ ደራሲዋ ዋሸችኝ ብሎ መጽሐፉን ይወረውረዋል። እንደ ፈራጅ ስናገር፣ መጽሐፍሽ እዚያች ጣት ላይ ተሰብሯል።

ባልሽ በሞተበት ቀን ያየሽው ይህን ነበር። ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ ሲበተን ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ተቀምጠን የነገርሽኝን አልረሳሁትም። ሉኩን ፊት ለፊቱ ዘርግተሽ ይሄ ምንድነው አልሽው። ዝም አለሽ። ዝም ሲል ታውቂዋለሽ፣ ያ ዝምታው እኔንም ስንቴ አቃጥሎኛል፣ ዝምተኛው እያልኩ የምጠራውም ለዚሁ ነው። ዝም ባለ ቁጥር አንቺ ባሰብሽ። አውቀህ ነው ያበላሸኸው አልሽው። ሰንፈሃል አልሽው። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ካልቻልክ ተወው፣ እኔ ሌላ ሠዓሊ አላጣም አልሽው። ልናፈስ ብሎ ወጣ። መንገዱ ማዶ ሳይደርስ መኪናው መታው። ጥጉ ላይ ያለችው ባለሱቅ ደግሞ፣ እሷም ሐዘንሽን ያቀለለች መስሏት ይሆናል፣ ወደ ግራ ዞር ብሎ አይቶ፣ መኪናው እየመጣ ተረጋግቶ ነው የገባበት አለችሽ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በኔ ቃል ተማሮ አውቆ ነው የገባበት ብለሽ ወስነሽ ተቀመጥሽ። ለማንም አልተናገርሽም፣ ለኔ ብቻ ነገርሽኝ፣ እኔም ፀጉርሽን ስደባብስ ዋልኩ።

አንደበትሽ ክፉ ነው። አልዋሽሽም፣ ልጅ ሆነሽም ክፉ ነበር፣ እናታችን ስንቴ ተማርራበታለች። አሁን ወደ ሥዕሉ ልሂድ፤ የምነግርሽ ነገር እዚያ ነው ያለው።

ከአንድ እስከ ሦስት ያሉትን ምዕራፎች ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። ዝምተኛው እንዲህ ይሥላል ብዬ አላውቅም ነበር። ለማስታወቂያ የሚሥላቸውን ሳሙናዎችና ጥርሶች ነበር የማውቀው። ባልሽ ጥግ አይንቅም። አልጋ ሥር የተገለበጠ ጫማ፣ መስኮት ደፍ ላይ የደረቀ ተክል፣ ማስጫ ገመድ ላይ አንድ ነጠላ ካልሲ። መስታወቱ የተሰረቀበት ግድግዳ ላይ ነጣ ያለች አራት ማዕዘን ብቻ ትቷል፣ እሷን ሳያት ቤቱ የተዘረፈ ሳይሆን ሰው የሞተበት መሰለኝ። የባልቴቷ እጅ የበር መዝጊያ ላይ ሲያርፍ ጣቶቿ እንደሚንቀጠቀጡ አንድ መስመር ሳይጨምር አሳይቶኛል። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁና ቃሌን ያዥልኝ፤ ከነዚህ የተሻለ ሥዕል ጠረጴዛዬ ላይ አላረፈም።

ከአራተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ሌላ ሰው የሣለው ይመስላል። መሐሉ እንዳለ ነው፤ ፊቶቹ፣ እጆቹ፣ የጀግናው ጭምብል፣ ሁሉም በቦታው። ዳሩ ግን ባዶ ነው፣ በተለይ ግራው። መስኮት መስታወት አልባ፣ ወንበር እግር አልባ፣ ሰዎቹ ከክንዳቸው ጀምሮ እየሳሱ ይጠፋሉ። እኔም እንዳንቺው ሰልችቶታል አልኩ። ተናደድኩበት እንኳ። የኛ መሥሪያ ቤት ወጣት ገምጋሚዎች ቢያዩት ኖሮ የጀግናውን ብቸኝነት ለማሳየት ነው ብለው ገጽ ሙሉ ይጽፉለት ነበር፣ ባዶ ቦታ ሲያዩ ብዕራቸው አያስችለውም።

ብቻዬን መፍረድ አቃተኝና ለጋሽ ማጉያ ወሰድኩላቸው። ነግሬሽ አውቃለሁ መሰለኝ፣ የሥዕሉን ወገን የሚገመግሙት ሽማግሌ ናቸው፣ ማጉያ መነጽር ከኪሳቸው ስለማይጠፋ ስማቸው እሱው ሆኖ ቀርቷል። ከአፋቸው ምስጋና አይወጣም። ደስ ያላቸው ቀን ይሄ ይታያል ይላሉ፣ ያችን የሰማ ሠዓሊ ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅ ይከርማል። የማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ከፊታቸው አስቀምጬ ቆምኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ሲያዩ ማጉያቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ። ይሄን ሰው የት ደብቃችሁት ነው ብለው ተቆጡኝ፣ እኔ የደበቅኩት ይመስል። አራተኛው ጋ ሲደርሱ ማጉያውን አስቀምጠው ሉኮቹን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። እዚያ ብዙ ቆዩ። ከዚያ፣ ለምንድነው ወረቀቱ እዚህ ላይ የተለቀው ብለው ጠየቁኝ። እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። እውነትም ከአራተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ሉኮቹ የፊተኞቹን እጥፍ ናቸው። መሳቢያ አልገባ አሉኝ ብለሽ በስልክ ያማረርሽብኝ ትዝ አለኝ።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ነው የገረመኝ። ሉኩን ገለበጡት። ዓይናቸውን ጨፍነው በጀርባው በኩል ጣታቸውን አስኬዱበት። ነይ ንኪው አሉኝ። ነካሁት። መስመሩ ሁሉ በጀርባው ወጥቷል፣ የጀግናው ትከሻ፣ የደረጃው ጠርዝ፣ የሰዎቹ ጭንቅላት በጣት ይታወቃል። እርሳሱን ከወረቀቱ ጋር የተጣላ ያህል ተጭኖታል። ለኔ ተናዶብኝ ነው እርሳስ የሚሰባብረው ብለሽኝ አልነበር? ጋሽ ማጉያ ግን የተናደደ ሰው መስመር እንዲህ ቀጥ አይልም አሉ። ይሄ ሰው ቀለሙን የሚያፈስበትን ቦታ በጣቱ እየፈለገ ነው የሠራው አሉ።

እኔ አሁንም አልገባኝም ነበር። ደደብ ሆኜ ሳይሆን እንዲገባኝ አልፈለግኩም። ስለዚህ ስለ ፖስተኛው ጠየቅኳቸው። ያንቺን ጽሑፍ ከሥዕሉ አጠገብ ዘርግቼ፣ ይሄን ስህተት ምን ይሉታል አልኳቸው። ጽሑፍሽን አነበቡት። ‹‹ከግራ በኩል መጀመሪያ የቆመው ሰው አውራ ጣት በጨርቅ ታስሯል›› ይላል፣ የራስሽ ቃል ነው። ጋሽ ማጉያ እጃቸውን ሥዕሉ ግራ ላይ ጋርደው ያዙት። ዘበኛው ከእጃቸው ሥር ቀረ። አሁን ከግራ መጀመሪያ የቆመው ማነው ብለው ጠየቁኝ። ፖስተኛው ነው አልኳቸው። ታዲያ ምኑ ነው ስህተቱ አሉኝ።

ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ዘበኛውን አስቀድሞ ሣለው፣ ኋላ ጨርቁን ሊያስርለት ሲመለስ ግን ከግራ መጀመሪያ ያገኘው ሰው ፖስተኛው ሆነ አሉኝ። አንድ ወዳጃቸው እንዲህ ሆኖ እንደነበር ነገሩኝ፣ የዓይን ብርሃን ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ እንደሚሄድና መሐሉ መጨረሻ ድረስ እንደሚቆይ፣ የደረሰበት ሰው ራሱ ሳያውቀው ብዙ ጊዜ እንደሚያልፍ። ይሄኛው ግን አውቆታል አሉ። ወረቀቱን ያሰፋው፣ እርሳሱን የተጫነው አውቆ ነው። ከዚያ አሁን ይሠራል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይሠራም አልኳቸው። ሉኮቹን በሁለት እጃቸው አስተካክለው፣ ከታች ጀምሮ ያሉትን ሁሉ እያነሱ፣ ይሄም ይታያል፣ ይሄም ይታያል አሉ።

ሐኪም ዘንድ ሄዶ እንደሆነ አላውቅም። ለምን እንዳልነገረሽም አላውቅም፣ ልገምት ግን እችላለሁ። ሠዓሊ ነው። እንጀራው ዓይኑ ነው። ያ መጽሐፍ ደግሞ ስትጋቡ ጀምሮ አብረን እንሠራዋለን ስትሉት የኖራችሁት ነው። ቢነግርሽ ኖሮ በዚያችው ቀን እርሳሱን ከእጁ ቀምተሽ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ይዘሽው ትዞሪ ነበር፣ መጽሐፉም ይቀር ነበር። እሱ ደግሞ መጨረስ ፈለገ። ተቀየምኩት፣ እውነቱን ልንገርሽ። በሞተ ሰው መናደድ ነውር ነው ይሉኛል፣ ይበሉኝ።

አሁን ባለሱቋ ያለችሽን መልሰሽ አስቢው። ወደ ግራ ዞር ብሎ አየ አለችሽ። አልዋሸችም፣ ዞሯል። ሰው መንገድ ሲሻገር የሚዞረው ለምንድነው? ከዚህ በላይ አልጽፈውም። አንቺ ጨርሺው። ስትጨርሺው ደግሞ ያቺን ከማስታወሻሽ ግርጌ የጨመርሻትን መስመር በራስሽ እጅ ሰርዣት።

አውቃለሁ፣ አንዱን ሸክም አውርጄ ሌላ እየጫንኩብሽ ነው። ሰንፈሃል ያልሽው ቃል አሁን ይበልጥ ያቃጥልሻል። ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ደብዳቤ ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ስወጣ ስወርድ የከረምኩት ለዚሁ ነው። ዝም ብል ይሻል ይሆን ብዬ አሰብኩ። ግን ዝም ማለት ቤታችሁን ምን እንዳደረገው አይቼ እኔ ደግሞ ልድገመው? አላወቅሽም። ያላወቁትን ነገር አይተው እንዴት ዝም ይላሉ፣ ዘበኛው ላይ መሆን የነበረበት ጨርቅ ፖስተኛው ላይ ሲታሰር ማንም ደራሲ ይቆጣል። እኔ ብሆን ከዚያ የከፋ እናገር ነበር። አልቅሺው፣ ይገባሻል፣ ግን ባጠፋሽው ልክ አልቅሺ እንጂ ከዚያ አትለፊ።

የመጨረሻውን ሉክ ሳልነግርሽ አልዘጋም። ጥቅሉ ሥር ያስቀመጥሽውን፣ ጠርዙ ላይ ‹‹ባዶ›› ብለሽ የጻፍሽበትን። የሞተ ዕለት ጠረጴዛው ላይ ያገኘሽው ነው መሰለኝ። እኔም ባዶ መስሎኝ ወደ ጎን አድርጌው ነበር። ጋሽ ማጉያ ሉኮቹን ሲሰበስቡ እጃቸው ላይ ሻከራቸው። ባዶ አይደለም ታናሽዬ። እርሳስ አልነካውም፣ ቀለም አልነካውም፣ በደነዘዘ ነገር፣ በምስማር ይሁን በብዕር ጫፍ፣ ተጭኖ ተጭኖ ሥሎታል። ቀለሙን በኋላ ሊያፈስበት ይሆናል። መስኮቱ ጋ ወስደን ብርሃኑ በጎን እንዲያርፍበት አዘንብለን ስንይዘው ወጣ።

የሰባተኛው ምዕራፍ የመጨረሻ ገጽ ነው። በድርሰትሽ ውስጥ ጀግናው ብቻውን ደረጃውን ወጥቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ጭምብሉን ያወልቃል። እዚህ ግን ጭምብሉን ገና ደረጃው ላይ አውልቆ በአንድ እጁ ይዞታል። ብቻውንም አይደለም። አንድ ደረጃ ቀድማው አንዲት ሴት ትወጣለች። ይህችን ሴት አንቺ አልጻፍሻትም፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ፈለግኳት፣ የለችም። እሱ ነው ያመጣት። አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ ጉልበቷን እየጎተተች ትወጣለች፣ አፏ ተከፍቷል፣ የምታወራ ናት። ጀግናው ሌላኛውን እጁን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ ይከተላታል። ዓይኖቹ ተጨፍነዋል። ፊቱ ላይ ሐዘን የለም። እኔ ያላየሁት ሐዘን ካለም ጋሽ ማጉያ አላዩትም።

ባለፈው ዓመት ስልክ ደውለሽ የሳቅሽብኝ ትዝ ይልሻል? ሰውዬው በስተርጅና ፍቅር ጀመረው፣ መንገድ ላይ ትከሻዬን ሳይዝ አይራመድም፣ ሰው ሁሉ ያየናል ብለሽኝ። ደስ ብሎሽ ነበር። ያ ደስታ ውሸት ነበር እንዳትዪ፣ እለምንሻለሁ። ሊደገፍብሽም ሊወድሽም የያዘው ያንኑ አንድ ትከሻ ነበር።

ይህን ሥሎ ሊያሳይሽ ነበር። አፉን ከፍቶ መናገር ለማይችል ሰው የመናገሪያው መንገድ ይሄ ነው። ጀምሮታልም። ያን ቀን ሌላ ምንም ሐሳብ ቢኖረው ኖሮ ይህን ገጽ አይጀምረውም ነበር።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ሥዕሉ በመሥሪያ ቤት ሕግ ከአራተኛው ምዕራፍ ጀምሮ አያልፍም፤ እኔ ግን ይታተም ብዬ እፈርማለሁ፣ ጋሽ ማጉያም አብረውኝ ይፈርማሉ። ሌላ ሠዓሊ አንድ መስመር አይነካውም። የሚታረመው ጽሑፉ ነው። ሥዕሉ ዘበኛውን ካላየው፣ ጀግናውም አላየው በይ። ግድግዳ የሚሰረስረው ዓይኑ ከዳር ጀምሮ እየከዳው እንደነበር፣ ለማንም ሳይናገር ሰፈር ሲጠብቅ እንደከረመ ጻፊው። ፖስተኛውን በስህተት ይያዘው፣ ይዋረድበት፣ ይቅርታ ይጠይቀው። ያ ሁሉ ባዶ ግራ ያኔ ትርጉም ያገኛል፣ አንባቢም ወደ ኋላ ገልጦ ለካ ፊት ለፊቴ ነበር ይላል። መጻፍ ትችያለሽ። አሁን አይደለም፣ ስትችይ።

ሌሎቹን ሉኮች በመጡበት አንሶላ ጠቅልዬ እልክልሻለሁ። የመጨረሻውን ግን ለማንም አላምነውም፣ ወሩ ሲያልቅ ፈቃድ ጠይቄ ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ። አለቃዬ ያጉረምርም። እርሳስ አሽተሽ ሥዕሉን ላውጣው እንዳትዪ፣ እንዳለ ይሁን። መብራት አያስፈልገውም። ዓይንሽን ጨፍነሽ ጣትሽን ከደረጃው ሥር ጀምረሽ ወደ ላይ አስኪጂው፣ እጁን ትከሻሽ ላይ ታገኚዋለሽ።

እስከዚያ ፈጣሪ በእንቅልፍሽ መካከል እንኳ አይለይሽ። ጉልበትሽን ያበርታው፣ ልብሽን ያሳርፈው፣ የሚያጽናና ሰው ከደጅሽ አያሳጣሽ። ለሱም ነፍሱን በብርሃን ቦታ ያኑርልን።

ታላቅሽ